አንገት ማዞር ማየት አይደለም፦ ስለ ሽጉጥ ሥልጠና ልማዶች ምላሽ

ሰሞኑን ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ባለን ሐበሾች መካከል ከስልክ ስልክ ሲዞር የከረመ አንድ ጽሑፍ ደርሶኝ አነበብኩት። ጸሐፊው የሽጉጥ አሠልጣኝ ናቸው። የጻፉትም መሣሪያ ታጥቀው በጥበቃ ለሚሠሩ፣ ሱቅ ላላቸውና ፈቃድ ለማውጣት ኮርስ ለተመዘገቡ ወገኖች ነው። መልእክታቸው ባጭሩ «ኮርስ ላይ የተሰጣችሁን ልማድ ሳትጠይቁ ያዙ» የሚል ነው። ከተኩስ በኋላ ግራ ቀኝ ማየት፣ ሁለት ተኩሶ ወዲያው ወደ አፎት መመለስ፣ ቢላ ለያዘ ሰው 21 ጫማን እንደ ሕግ መያዝ፣ ስላይዱን (የሽጉጡን ላይኛውን ተንሸራታች ክፍል) ከላይ በመዳፍ ጨብጦ መሳብ፣ ባዶነቱን አሳይቶ ቃታ መሳብ፣ እንደ እስራኤሎች ጥይት ሳያጎርሱ መታጠቅ። «እጅ የለመደውን በጭንቅ ቀን ይሠራል፤ ለምን እያለ የሚጠይቅ ተማሪ ግን በጭንቅ ቀን ያመነታል» ይላሉ።

ጽሑፉ በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ለወገን አሳቢ መሆናቸውም ያስታውቃል። ግን አልስማማም። ከዘረዘሯቸው ልማዶች ብዙዎቹ ከግጭት የተገኙ አይደሉም። የመጡት ከሬንጅ (ከተኩስ መለማመጃ ሜዳ) አሠራር፣ ከውድድር ደንብ፣ ወይም ብዙ ወታደር ባንዴ ማሠልጠን ካለበት ጦር ነው። አሥር ሰው ጎን ለጎን አሰልፎ የሚያስተኩስ አሠልጣኝ ማንም ማንንም ሳይመታ ቀኑ እንዲያልፍለት ይፈልጋል። ተገቢ ነው። ለእሱ ሥራ የሚያግዘው ልማድ ግን እኩለ ሌሊት ነዳጅ ማደያ ውስጥ ብቻውን ለቆመ ሰው ላይሠራ ይችላል። ተማሪው ልማዱ ማንን ለማገልገል እንደመጣ ካልተነገረው ሁለቱን በምን ይለያል?

ከታሪኩ ልጀምር፤ ጽሑፉም የሚጀምረው ከዚያ ነውና። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ጸሐፊው የኒውሆልን ጉዳይ ያነሳሉ። በ1970 ኤፕሪል ወር፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኒውሆል በምትባል ቦታ፣ አራት የሀይዌይ ፓትሮል ፖሊሶች ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተገደሉ። አንደኛው የሞተው ባለ ስድስት ጎራሽ ሽጉጡን እንደገና እየሞላ ሳለ ነው። ጸሐፊው የሚነግሩን ቀጣዩን ነው፦ የሟቹ ኪስ ውስጥ ባዶ ቀልሃዎች ተገኙ። ልምምድ ላይ ሜዳው እንዳይቆሽሽ ቀልሃውን ኪሱ መክተት ለምዶ ስለነበር ጥይት እየዘነበበትም ያንኑ አደረገ። «አያችሁ፣ እጅ የለመደውን ይሠራል» ብለው ይደመድማሉ።

አሜሪካ ውስጥ ሽጉጥ የተማረ ሰው ይህን ታሪክ ሳይሰማ አይቀርም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ሥሩን እንየው። ኋላ ላይ የጉዳዩን መዝገብ ያገላበጡ ሰዎች ቀልሃዎቹ እዚያው ቦታው ላይ መሬት ወድቀው እንደተገኙ አሳይተዋል። የኪሱ ወሬ ማስረጃ የለውም። ሆኖም ታሪኩ ጥሩ ስለሆነ አልሞተም። አንዱ አሠልጣኝ ለሌላው እያቀበለው ይኸው ሐምሳ ዓመት አልፎት እኛ ጋ በአማርኛ ደረሰ።

እውነት ነው ብንል እንኳ የሚመሰክረው ለእሳቸው አይደለም። ቀልሃ መሰብሰብ ለሜዳው ጽዳት የመጣ ልማድ ነው። ታሪኩ የሚለው ለሜዳው ጽዳት የመጣ ልማድ ሰው ሊያስገድል እንደሚችል ነው። «ሳትጠይቁ ያዙ» ለሚል ጽሑፍ ከዚህ የባሰ ምሳሌ አላውቅም።

ከዚያች ሌሊት እኔ የማነሳው ሌላ ሰው ነው። ጌሪ ክነስ ይባላል፤ የቀድሞ ማሪን ነው፤ በመኪና እያለፈ ነበር። ተኩሱን ሲያይ ወርዶ ሮጠ። የወደቀውን ፖሊስ ጎትቶ ሊያወጣው ሞከረ። መሬት የወደቀ ሾትገን አንስቶ ቃታ ቢስብ ባዶ ነው። ጣለው። የፖሊሱን ሽጉጥ አንሥቶ ተኮሰ፤ ከገዳዮቹም አንዱን አቆሰለ። ሽጉጡም ሲያልቅበት ሸሽቶ ተረፈ። ይህ ሰውዬ ያደረገውን በቅደም ተከተል ብታዩት ከኮርስ የተገኘ ትርኢት የለበትም። አየ፣ ወሰነ፣ አልሠራ ሲለው ለወጠ። ከክስተቱ በኋላ የካሊፎርኒያ ሀይዌይ ፓትሮልም የለወጠው አደገኛ ተጠርጣሪ ያለበትን መኪና እንዴት እንደሚቀርቡ፣ ምን ዓይነት መሣሪያ እንደሚይዙና እንዴት እንደሚሠለጥኑ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ ግራ ቀኝ ወደ ማየቱ። ጸሐፊው ብዙ ቦታ የሰጡትም ለዚህ ነው። «ከተኮሳችሁ በኋላ አንገታችሁን ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዙሩ፤ ሁልጊዜ፣ ሳታስቡት።»

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ሰው ሲደነግጥ ዓይኑ ፊት ለፊቱ ካለው አደጋ ላይ ይቸነከራል። ጎኑ ላይ የቆመውን ሁለተኛ ሰው አያይም። ስለዚህ ዓይንን ነቅሎ ማዞር ያስፈልጋል። እስከዚህ ድረስ እስማማለሁ። «ሳታስቡት» የምትለዋ ናት የማትዋጥልኝ። ሳያስቡ ማየት የሚባል ነገር የለማ።

የቤት ውስጥ ሬንጅ የገባ ሰው የምለውን ያውቀዋል። ተማሪው የቆመው በጠባብ መደብ ውስጥ ነው። በግራው መከለያ፣ በቀኙም መከለያ። አምስት ይተኩሳል። ሽጉጡን ወደ ደረቱ ያስጠጋል። አንገቱን ወደ ግራ ያዞራል፤ መከለያ። ወደ ቀኝ ያዞራል፤ መከለያ። ከዚያ ኮስተር ብሎ ሽጉጡን ያስቀምጣል። አሠልጣኙም «ጎበዝ» ይለዋል። ምኑን አይቶ ነው ጎበዝ የተባለው?

ይህን ለመፈተን አንድ ቀላል ዘዴ አለ፤ ጥሩ አሠልጣኞች ይጠቀሙበታል። ተማሪው ተኩሶ አንገቱን ሲያዞር አሠልጣኙ ከትከሻው ኋላ ሆኖ ሦስት ጣት ያነሳል። ተማሪው ዞሮ አይቶ ይጨርሳል። «ስንት ጣት አነሳሁ?» ሲባል «የቱ ጣት?» ይላል። አሠልጣኙ እዚያ መቆሙንም አላስተዋለም። ዓይኑ ተከፍቶ ነበር፣ አንገቱም በትክክል ዞሯል፤ ምንም አላየም። እጁ ግን የለመደውን ሠርቷል! እንግዲህ ጸሐፊው የሚመኙልን ይህን ከሆነ ተሳክቶላቸዋል።

ሌላም ጣጣ አለው። ብዙ ተማሪ የመጨረሻዋን ጥይት እንደለቀቀ ወዲያው ከኢላማው ዓይኑን ይነቅላል፤ ቀጣዩ ደረጃ አንገት ማዞር ነዋ። ኢላማው ወረቀት ስለሆነ ምንም አይመጣም። በእውነተኛ ሁኔታ ግን ከሁሉ ይልቅ አደገኛው አሁን የተኮስክበት ሰው ነው። ወድቋል? መሣሪያው አሁንም እጁ ላይ ነው? እየሸሸ ነው? ይህን ሳያረጋግጥ ወደ ግራ የሚያይ ሰው የቸኮለው ለማን ብሎ ነው?

እኛ አገር ሽለላና ፉከራ አለ። ጠመንጃውን ከፍ አድርጎ የሚፎክር ሰው ስናይ ደማችን ይሞቃል፤ ኢላማ እየተለማመደ ነው የሚል ግን የለም። ፉከራውን ሥልጠና ብሎ ማስከፈል ሲመጣ ነው ነገሩ የሚበላሸው።

ልማዱ ይጥፋ እያልኩ አይደለም። የሚታይ ነገር ይኑረው ነው የምለው። አሠልጣኙ ከኋላ ካርድ ያንሳ፤ ተማሪው ቀለሙን ጮክ ብሎ ይናገር። አንዳንዴ ያነሳው ስልክ ይሁን፣ አንዳንዴ የፖሊስ ባጅ። አንዳንዴም ምንም አያንሳ፤ ተማሪውም «ምንም የለም» ይበል። ይህ ተጨማሪ ወጪ የለውም፤ አሠልጣኙን ትንሽ ያለፋዋል እንጂ።

«ሁለት ተኩሶ ወደ አፎት» ስለሚሉት። ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሬንጅ ላይ መቆም ይበቃል። ትእዛዙ «ሁለት ተኩስ፣ መልስ» ነው፤ ሰዓት ተይዟል፤ ሰልፉ ረጅም ነው፤ ቀጣዩ ሰው ይጠብቃል። ለሰልፉ ይመቻል።

ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም በ2008 ያወጣውን የኒውዮርክ ፖሊስ ግምገማ እንመልከት። ከ1998 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት ተጠርጣሪው መልሶ በተኮሰባቸው ግጭቶች ፖሊሶቹ ከተኮሱት የመታው በአማካይ 18 በመቶው ነው። መልሶ ባልተኮሰባቸውም 30 በመቶ። እነዚህ ሥልጠና ያላቸው ፖሊሶች ናቸው። ተጠርጣሪው መልሶ በሚተኩስበት ግጭት፣ በዚህ ስሌት ሁለት ጥይት ተኩሶ ሁለቱንም የመሳት ዕድሉ ያመዝናል። ታዲያ ሁለት ከተኮሰ በኋላ ሥራዬን ጨረስኩ ብሎ ሽጉጡን እንዲመልስ እጁ የተገራ ሰው ምን ሊሆን ነው? ብዙ ተኩሱ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። የሳተችዋ ጥይት ሁሉ አንድ ቦታ ታርፋለች፤ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ደንበኛ አለ። ሕጉም ቢሆን «ሁለት ይፈቀዳል» የሚል ቁጥር የለውም። እያንዳንዷ ተኩስ አስፈላጊ ነበረች ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ እጅ መልመድ ያለበት አደጋው ሲቆም ማቆምን ነው። ያ ደግሞ በቁጥር አይለካም፤ እያዩ ነው።

ፈጥኖ ወደ አፎት መመለሱንማ ባልሰማው ይሻለኛል። ሽጉጥ በፍጥነት መምዘዝ ይገባኛል። በፍጥነት መመለስ ማንን ያድናል? የሸሚዝ ጫፍ ወይም የጃኬት ገመድ አፎቱ ውስጥ ገብቶ ቃታውን ሲስብ ጥይቷ የምትሄደው ወደ ባለቤቱ ጭን ነው። ቀስ ብሎ፣ አፎቱን እያዩ፣ ጣትን ቀጥ አድርጎ መመለስ ነው ያለበት።

21 ጫማ ላይ ግን ረጋ ብለን እንነጋገር፤ ይህኛው እስር ቤት ያስገባል። ጸሐፊው «ቢላ የያዘ ሰው 21 ጫማ ውስጥ ከገባ መተኮስ ትችላላችሁ፤ ሕጉ ይህ ነው» ብለዋል። እንዲህ ያለ ሕግ የለም።

ቁጥሩ የመጣው ከዴኒስ ቱለር ነው። የሶልት ሌክ ሲቲ ፖሊስ ባልደረባና አሠልጣኝ ነበር። አንድ ተማሪ ቢላ የያዘ ሰው ምን ያህል ሲቀርብ ነው አደገኛ የሚሆነው ብሎ የሚጠይቀውን ጥያቄ በሰዓት ለካው። ጤነኛ ጎልማሳ 21 ጫማ፣ ማለትም ስድስት ሜትር ተኩል ገደማ፣ ለመሮጥ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ይወስድበታል። የሠለጠነ ሰው ሽጉጡን መዝዞ ለመተኮስም የሚወስድበት በዚያው ገደማ ነው። በ1983 ጽፎ አወጣው። ያለውም ይህን ነው፦ ቢላ ሩቅ የመሰለን ያህል ሩቅ አይደለም፤ ስለዚህ ቀድማችሁ ተዘጋጁ፣ ራቁ፣ መከለያ ያዙ። ተኩሱ አላለም።

ከዚያ ልኬቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ መስመር ሆነ፤ መስመሩ ደግሞ ፈቃድ ሆነ። በ2016 የአሜሪካ ፖሊስ አዛዦችን የሚያሰባስበው የፖሊስ ኤግዚኪዩቲቭ ሪሰርች ፎረም ኃይል አጠቃቀም ላይ ባወጣው መመሪያ ይህን የ21 ጫማ ነገር ተዉት፣ ርቀትን፣ መከለያንና ጊዜን ተጠቀሙ ብሏል። ፖሊሱ እየተወው እኛ ለሱቅ ጠባቂ «ሕግ ነው» ብለን እንስጠው? ዳኛ ፊት ቀርቦ «21 ጫማ ውስጥ ስለገባ ነው» የሚል ሰው የተማረውን በትክክል ደገመ ማለት ነው፤ አይጠቅመውም እንጂ። በሌላ በኩል መስመሩ ሐሰተኛ ተስፋም ይሰጣል። 25 ጫማ ላይ ያለ ሰው ደህና ነው ያለው ማነው? ሽጉጡ ጃኬት ሥር ከሆነና እጅህ ዕቃ ከያዘስ?

የስላይዱ ክርክር አጭር ነው። ጸሐፊው ካዝና (የጥይት መያዣውን) ከቀየራችሁ በኋላ ስላይዱን የምትለቀውን ማንሻ በአውራ ጣት አትጫኑ፤ በጭንቅ ቀን ጣት ስለሚደነዝዝ ስላይዱን በመላ መዳፍ ሳቡ ይላሉ። ጥሩ። ያንን ካዝና ያወጣው ምንድን ነው? አውራ ጣት፣ ያውም ትንሽ ቁልፍ ተጭኖ። ቀጥሎ ቃታ የሚስበውስ? ጣት ለማንሻዋ ብቻ የሚደነዝዝ ከሆነ ተአምር ነው። በመዳፍ መሳቡ ለአንዳንድ ሰው ይመቻል፤ ማንሻዋ የማትደረስ ሽጉጥም አለች። የሚመቻችሁን ያዙ፤ የሃይማኖት ጉዳይ አታድርጉት።

ባዶ መሆኑን አሳይቶ ቃታ መሳብ የሚለው ከውድድር የመጣ ነው። ተወዳዳሪው ሲጨርስ ዳኛው ፊት ካዝናውን ያወጣል፣ ጥይት የሚጎርስበትን ክፍል ያሳያል፣ አፈሙዙን ወደ መከላከያው ክምር አድርጎ ቃታ ይስባል፣ ይመልሳል። እዚያ ሁለተኛ ዓይን አለ። ዳኛው አይቶ ነው የሚያዘው፤ ጥይት ብትቀርም ወደ አፈር ትገባለች። ጸሐፊው ይህንኑ «ቤት ስትገቡም አድርጉት» ይላሉ። ቤት ውስጥ ዳኛ የለም። ግድግዳው ጂፕሰም ነው፤ ከግድግዳው ማዶ ደግሞ የጎረቤት ልጅ ተኝቷል።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተል ሁሉ ነገር ነው። መጀመሪያ ካዝና ይወጣል፣ ከዚያ ስላይዱ ይሳባል፣ ከዚያ ክፍሉ በዓይንም በጣትም ይታያል። አንድ ሰው ደክሞት ወይም ሲያወራ ቅደም ተከተሉን ቢገለብጠው፣ ስላይዱን ስቦ ካዝናውን ቢያወጣ፣ ክፍሉ ውስጥ አዲስ ጥይት ጎርሷል። እጁ ግን ሁሉንም እንቅስቃሴ ስለሠራ ባዶ ነው ብሎ ያምናል። ከዚያ ቃታ። አገር ቤት ክላሽ «ሲወለውለው ባረቀበት» ሲባል ከስንት ሰው ሰምተናል! ብዙውን ጊዜ ነገሩ ይኸው ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ማየት ነው፤ ቃታ መሳቡ ለማንም ምንም አያረጋግጥም። አንዳንድ ሽጉጦች፣ ለምሳሌ ግሎክ፣ ሲፈቱ ቃታ መሳብ የግድ ይላቸዋል። እንግዲያው ለእነሱ ክፍሉን ሁለቴ ማየት ነው።

ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ የምስማማበት ቦታም እዚሁ ጎን ነው። ጄፍ ኩፐር፣ በ1976 አሪዞና ውስጥ ታዋቂ የተኩስ ትምህርት ቤት የከፈተው ሰው፣ ያሰራጫቸው አራት የደኅንነት ደንቦች አሉ። መሣሪያ ሁሉ ጎርሷል ብለህ ያዝ። ልታጠፋው ወደማትፈልገው ነገር አፈሙዝ አታዙር። ማነጣጠሪያህ ኢላማው ላይ እስኪያርፍ ጣትህን ከቃታ አርቅ። ኢላማህንና ከጀርባው ያለውን እወቅ። እነዚህን ሳትጠይቁ ያዙ ቢሉ እጄን አነሳ ነበር። ቢጠየቁም መልስ አላቸው። አንዱ ቢጣስ ሌላው ይይዘዋል፤ ቃታው ቢሳብ እንኳ አፈሙዙ ወደ ሰው ካልዞረ ሰው አይሞትም። ሬንጅም ላይ፣ ቤትም ውስጥ፣ መንገድም ላይ እኩል ይሠራሉ። ከሌሎቹ የሚለዩትም በዚህ ነው።

ስለ እስራኤሎቹ ልጨምር፤ ይህን ከሚያነቡት ውስጥ እዚያ ጦር ውስጥ ያገለገሉ ወገኖች ስላሉ እነሱ ያርሙኛል። ክፍሉን ባዶ አድርጎ ታጥቆ፣ ሲመዝዙ እያቀባበሉ መተኮስ እዚያ የተለመደው በቂ ምክንያት ስለነበረው ነው። አገሪቱ ስትመሠረት የነበራት ሽጉጥ ከየአገሩ የተለቃቀመ፣ መጠበቂያው የተለያየ፣ አንዳንዱም የማይታመን ነበር። ለሁሉም የሚሆን አንድ ዘዴ ያስፈልግ ነበር። ብዙ ወጣት በግዴታ ወደ ጦር ለሚያስገባ አገርም ያቀለዋል። ጸሐፊው ግን ዘመናዊ ሽጉጥ ይዞ በቨርጂኒያ ሱቅ ለሚቆም ሰው ነው የሚመክሩት፤ ምክንያታቸውም «እስራኤሎች ያውቃሉ» የሚል ነው። ለማቀባበል ሁለት እጅ ይፈልጋል። አንዱ እጅ አጥቂውን እየገፋ ወይም ልጅ ይዞ ቢሆንስ? በሌላ በኩል ታጥቆ መዋልን ገና ያልለመደ፣ የሚፈራ ሰው ለጊዜው ባዶ ክፍል ይዞ ቢጀምር አልቃወምም። የሚያጣውን እያወቀ ከሆነ ምርጫው የራሱ ነው።

የመጨረሻው ነጥባቸው ጊዜን ይመለከታል። «ኮርሱ አጭር ስለሆነ ለምን ለማለት ጊዜ የለም» ይላሉ። ዲሲ ውስጥ ደብቆ ለመታጠቅ ፈቃድ የሚፈልግ ሰው ቢያንስ 16 ሰዓት ትምህርትና 2 ሰዓት ሬንጅ ይጠበቅበታል። ከሁለቱ የሬንጅ ሰዓት ላይ ለመከለያ አንገት ማዞሪያ የሚባክነው እኮ ነው የሚቆጨኝ።

ጽሑፉ አንድ ጊዜ እንኳ ያላነሳው ነገር አለ። ከተኩስ በኋላ ሰውየው 911 መደወል አለበት። በእንግሊዝኛ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ጆሮው እየጮኸ። እኛ ስንደነግጥ አማርኛችን ነው የሚቀድመው። አድራሻውን፣ የተጎዳ ሰው መኖሩን፣ እሱ ራሱ ምን እንደለበሰና ጠባቂው ወይም ባለሱቁ እሱ መሆኑን መናገር አለበት። ፖሊስ ሲደርስ የሚያየው ሽጉጥ የያዘ ጥቁር ሰው ነው፤ ማን ጥሩ ማን መጥፎ እንደሆነ አያውቅም። እጁ ባዶ መሆን አለበት፤ «ጣል» ሲባል ወዲያው መጣል አለበት፤ ሳይታዘዝ መዞር የለበትም። ግራ ቀኝ ማየቱ እውነተኛ ሥራ የሚያገኘው ያኔ ነው፦ ሁለተኛው ሰው የታለ፣ ደንበኛው ተመቷል ወይ፣ ፖሊሱ በየትኛው በር እየገባ ነው።

ጸሐፊው በሚቀጥለው ኮርሳቸው ተማሪዎቻቸውን አምስት አስተኩሰው ሲጨርሱ ስልክ ያስይዟቸውና ያንን ጥሪ በእንግሊዝኛ ጮክ ብለው ያስደውሏቸው። ከዚያ «ስንት ጣት አነሳሁ?» ብለው ይጠይቁ። ውጤቱን ቢጽፉልን ደስ ብሎኝ አነብበዋለሁ።